ቋጠሮ ያለበት ሽቦ

ሁለቱ ወንድማማቾች ስም አላቸው፤ ግን ስማቸውን የሚያውቀው መታወቂያ የሰጣቸው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ለሰፈሩ ሰው አንዱ ታላቅ፣ ሌላው ታናሽ ነበሩ። ሬዲዮው የተበላሸበት ሰው የጥገና ሱቃቸው በር ላይ ይቆምና «ታላቅ አለ?» ይላል። ታላቅ ከሌለ ደግሞ ራሱን እያከከ «እንግዲህ ታናሽም ይሁን» ይላል። ይቺ «ይሁን» የምትባል ነገር ታናሽን ሃያ ዓመት ሙሉ ስታበግነው ኖራለች። አሁን ታላቅ ከሞተ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሰዉ ግን ታናሽን ዛሬም ታናሽ እንዳለው አለ፤ የማን ታናሽ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ታናሽ ወንድሙ የሞተ ዕለት አላለቀሰም። በማግስቱም አላለቀሰም። ሰው ሁሉ «ድንጋጤ ነው፣ ቆይቶ ይመጣበታል» አለ። ቆየ፤ አልመጣም። ይበላል፣ የሚበላው ግን ካርቶን ይሁን ሥጋ አይለየውም። ይተኛል፣ ይነሳል፣ ሱቁን ይከፍታል፣ የሰው ቴሌቪዥን ይጠግናል። አንድ ቀን መበየጃው ጣቱን ሲጠብሰው ጣቱን ቀና አድርጎ አየው፤ ያመዋል፣ ማመሙንም ያውቃል፣ ግን የጎረቤት ጣት የታመመ ያህል ነው የመሰለው።

ከሱቁ ጎን የሚሠራው ልብስ ሰፊ ይኼ ነገር አልዋጥ ብሎታል። ሰውየው ዝምታ አይወድም፤ የስፌት መኪናው እንኳ ስትቆም እሱ ይቀጥላል።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ዘመዱ ያልሆንኩት እንኳ ሁለት መሐረብ ጨርሻለሁ» አለው አንድ ቀን፣ መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ።

«ጥሩ አድርገሃል» አለው ታናሽ።

«ጥሩ አድርገሃል ይለኛል እንዴ! ልቅሶ እኮ ነው የምልህ፣ ኮት አይደለም።»

ታናሽ የተከፈተውን ሬዲዮ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ሥራውን ቀጠለ።

በዚያው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ስልኩ ጮኸ። የወንድሙ ሚስት ነበረች።

«ታናሽ፣ ፋኖቹ ቆሙብኝ።»

«የምን ፋኖች?»

«የመፈልፈያው ማራገቢያዎች ናቸዋ! መብራት ሄዶ ሲመለስ ጧ የሚል ነገር ሰማሁ፤ ከዚያ ስድስቱም ቀጥ አሉ። አዳፕተሮቹ ጠረናቸው ራሱ የተቃጠለ ነው። ሁለት መቶ አርባ እንቁላል እኮ ነው ውስጡ ያለው! ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀናቸው ነው፣ ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ነው የቀራቸው።»

«አምፖሎቹስ?»

«እነሱማ በርተዋል።»

ታናሽ ይኼን ሲሰማ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። አምፖሎቹም ጠፍተው ቢሆን ይሻል ነበር። ሙቀት የሚሰጡት አምፖሎች ከላይ ናቸው፤ ፋኖቹ ሙቀቱን ወደ ታች ካልገፉት ከላይ ያለው እንቁላል ይቀቀላል፣ ከታች ያለው ይቀዘቅዛል።

«አምፖሎቹን እያጠፋሽ እያበራሽ ቆዪ።»

«እሱን እያደረግሁ አይደል! በአንድ እጄ በካርቶን እያራገብኩ ነው፣ በአንዱ አንተን ይዤ ነው። ግማሹ የጎረቤት አደራ ነው ታናሽ። ይኼ ከሞተብኝ ማን ሁለተኛ እንቁላል ያምነኛል? ሌላ እንጀራ የለኝም። ቶሎ በል።»

«መጣሁ እታለም» አለ።

አለ እንጂ፣ ወዲያው አልተነሳም። ከቀብሩ ቀን ወዲህ የወንድሙን ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ያ መፈልፈያ የሚሉትንም ነገር በዓይኑ አላየውም። ታላቅ ከአሮጌ ፍሪጅ መፈልፈያ እየሠራ እንደሆነ የሰማው ከልብስ ሰፊው ነው። «ለስድስት ፋን ስድስት አዳፕተር ሰክቶላቸዋል አሉ፤ ለእያንዳንዱ የግል አዳፕተር፣ እንደ ባለሥልጣን!» ብሎት ነበር። ታናሽ በሆዱ ሳቀ ያኔ። አንድ ደህና አዳፕተር ለሁሉም ሲበቃ ስድስት መደርደር ምን የሚሉት እልህ ነው? ሄዶ እንዲህ አድርግ እንዳይለው ግን በዚያ ሰሞን አይነጋገሩም ነበር።

ተነስቶ መሳቢያውን ከፈተ። ከአንድ የሞተ ስክሪን የተረፈ አዳፕተር አገኘ፤ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሦስት አምፒር ይላል ጀርባው። ፋኖቹ ከኮምፒውተር የወጡ መሆናቸውን ያውቃል፣ ከዚሁ ሱቅ ነው የሄዱት። ሁሉም አሥራ ሁለት ቮልት ናቸው። አንዱ ፋን ሩብ አምፒር ቢበላ ስድስቱ አንድ ተኩል ይበላሉ። ሲነሱ ትንሽ ይስገበገባሉ፤ ቢሆንም ሦስት አምፒር ይችላቸዋል። ጎን ለጎን እንጂ በመደዳ አንዱን ካንዱ አስከትሎ መቀጠል አይሆንም፤ እንደዚያ ከሆነ አሥራ ሁለቱን ቮልት ለስድስት ይካፈሉትና አንዱም ንቅንቅ አይልም። ሂሳቡን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈው። አስፈልጎት አይደለም፣ እጁ ስለለመደ ነው። መበየጃ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ፣ ቴስተር ቦርሳው ውስጥ ከተተና ወጣ።

«ወዴት ነው?» አለው ልብስ ሰፊው።

«ፋን ልቀጥል።»

«በዚህ ፊት ነው ሰው ቤት የምትሄደው? ለፋኑ አዘንኩለት።»

የወንድሙ ሚስት በሩን ገርበብ አድርጋ ትታዋለች። ሳሎኑ ውስጥ፣ በሶፋውና በቁም ሳጥኑ መካከል፣ ያ ፍሪጅ ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያቀዘቅዝ ኖሮ በእርጅናው ማሞቅ የተማረ ፍሪጅ። እሷ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በሩን በጉልበቷ ደግፋ በካርቶን ታራግባለች። ላቧ በአገጯ ይወርዳል። እንደ ድሮው ተነስታ አልሳመችውም፤ በአገጯ ወደ ውስጥ አመለከተችው።

«ከላይ አርባ ሊሞላ ነው። ከታች ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ሰባት ከግማሽ ነው መሆን ያለበት፣ እሱ ነው እንዲህ እያለ ያስጠናኝ።»

«እሺ» አለ ታናሽ።

«እሺ ብቻ?»

«እሺ፣ አሁን እሠራዋለሁ።»

ከፍሪጁ ኋላ ሄደ። በጀርባው በተበሳ ቀዳዳ ስድስት ጥንድ ሽቦዎች ወጥተዋል፤ በየጫፋቸው ስድስቱ የተቃጠሉ አዳፕተሮች ተንጠልጥለዋል። ሽቦዎቹ ሁሉም ነጭ ናቸው። ታላቅ የፋኖቹን አጭር ቀይና ጥቁር ሽቦ ከውስጥ በነጭ ሽቦ አስረዝሞታል። ከየጥንዱ አንደኛው ሽቦ፣ ከጫፉ ስንዝር ያህል ርቆ፣ አንድ ጊዜ ተቋጥሯል።

ታናሽ ቋጠሮዎቹን ሲያይ ገና ድሮ የለመደውን ነገር እንዳየ ሰው እጁን ዘረጋ። ቋጠሮ ያለበት ፖዘቲቭ ነው። በእነሱ ሱቅ ሃያ ዓመት እንዲህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ቀይና ጥቁር አይለይም ነበር። ሁለቱም ለእሱ አንድ ጥላ ናቸው። ይኼን የሚያውቀው ከዚህ ዓለም ታናሽ ብቻ ነው፤ ቀለም የማይለይ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሆኑ ቢሰማ ማን የአምፖል ሽቦ እንኳ ያስነካዋል? ስለዚህ ዘዴ ነበራቸው። አዲስ ሥራ ሲመጣ ታላቅ ሽቦውን ላጥ አድርጎ ይይዝና አንገቱን ሳያዞር፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ «ቀዩ የቱ ነው?» ይላል። ታናሽ አንድ ነገር ሊያነሳ እንደመጣ ሆኖ ጣቱን ቀዩ ላይ አሳርፎ ያልፋል። ታላቅ ያንን ሽቦ ይቋጥረዋል። ከዚያ በኋላ ጣቶቹ ብቻቸውን ይሠራሉ። በአካባቢው እንደ እሱ እጁ የሰላ ባለሙያ አልነበረም፤ ቋጠሮዋን የሚያይ ደንበኛ ሁሉ የጥንቃቄ ምልክት ትመስለው ነበር።

ፒንሳውን አውጥቶ ስድስቱንም አዳፕተሮች ቆርጦ ጣላቸው። የሽቦዎቹን ጫፍ ላጠ። የአዲሱን አዳፕተር ፖዘቲቭ በቴስተር ለየ። ቋጠሮ ያለባቸውን ስድስቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ ከፖዘቲቩ ጋር አሰረ፤ ቋጠሮ የሌላቸውን ስድስቱን ከኔጋቲቩ። ናስትሮ ጠቀለለበት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

«ልሰካው ነው።»

«ስካው፣ እጄ ሊገነጠል ነው።»

ሰካው። ፋኖቹ ጉምም አሉ። እሷ «ተመስገን» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«ሦስቱ ቆመዋል።»

ታናሽ ዞሮ አየ። ከላይ ሁለቱ፣ ከመካከል አንዱ ይዞራል። ከመካከል አንዱና የታችኛው መደርደሪያ ሁለቱ ፋኖች ዝም ብለዋል። በጣቱ ገፋ አደረጋቸው፤ እንደተገፉ ትንሽ ዞረው ቆሙ።

«ተቃጥለው ነው?»

«እንጃ።»

«እንጃ ማለት ምን ማለት ነው? ትርፍ ፋን አለህ?»

«የለኝም። ያሉት እነዚህ ብቻ ነበሩ።»

እሷ ካርቶኗን መልሳ አነሳች። የታችኛውን መደርደሪያ ብቻ ማራገብ ጀመረች። ታናሽ ፊቷን አየው። ሊያዝንላት እንደሚገባ ያውቃል። ሐዘኑ የሚቀመጥበትን ቦታ ፈልጎ ባዶ ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህ ካቻቢቴውን አነሳ።

«የታችኛውን ትሪ ላውጣው፣ አንዱን ፈትቼ ልየው።»

ሠላሳውን እንቁላል ከነትሪው አውጥታ ሶፋው ላይ አስቀመጠችና በብርድ ልብስ ሸፈነቻቸው፣ እንደ ሕፃን። ታናሽ በጉልበቱ ተንበርክኮ የፋኑን አራት ብሎኖች ፈታ፣ ከነሽቦው አወጣው። ነጩ ሽቦ ከፋኑ ሽቦ ጋር የተቀጠለበትን ናስትሮ ላጠ። ናስትሮው ሥር ቀዩን ሽቦ አገኘው። ቀዩ የተቀጠለው ቋጠሮ ከሌለበት ነጭ ሽቦ ጋር ነው። ቋጠሮ ያለበት ከጥቁሩ ጋር።

እጁ ላይ ያለውን ነገር ረጅም ጊዜ አየው። ፋኑ አልተቃጠለም፤ ተገላብጦ ነው። የዚህ ዓይነት ፋን በተገላቢጦሽ ሲሰጡት አይዞርም፣ ዝም ይላል።

«ጋሼ ተሳሳተ» አለ በልቡ። ጋሼ ግን በቋጠሮ ተሳስቶ አያውቅም። አንድም ቀን። ይኼን ሲያስብ ነው ሌላው ነገር የመጣለት። ታላቅ በቋጠሮ የማይሳሳተው፣ ከየቋጠሮው በፊት የታናሽ ጣት ስለነበረች ነው። እነዚህ ቋጠሮዎች ሲቋጠሩ ግን ታናሽ አልነበረም።

ሦስት ልክ፣ ሦስት ስህተት። በግምት የሠራ ሰው የሚያገኘው ይኸው ነው፣ ግማሽ በግማሽ። ስድስቱ አዳፕተሮችም ያኔ ገቡት። እልህ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ፋን የግል አዳፕተር ከተሰጠው፣ ገምቶ ያገናኛል፤ ካልዞረ ከውጭ በኩል ያገላብጠዋል፤ ዞረ፣ አለቀ። ቋጠሮው ስህተት ቢሆንም ማንንም አይጎዳም። ለሁሉም አንድ አዳፕተር መቀጠል የሚችለው ግን የቱ ቀይ፣ የቱ ጥቁር እንደሆነ የሚነግረው ሰው ያለው ነው።

ጠባቸው ከምንም የማይቆጠር ነበር። ታናሽ ጉንፋን ይዞት በቀረበት ቀን አንድ ሰውዬ የመኪና ቴፕ አምጥቶ ነበር። ታላቅ ብቻውን ገምቶ ቀጠለው፤ ቴፑ ጨሰ። ሰውየው በማግስቱ መጥቶ ሱቁን በጩኸት ሞላው። ታናሽ ገና ራሱን እያመመው ነበር፤ በንዴት «እኔ ምን ላድርግ፣ ቀይና ጥቁር ከማይለይ ሰው ጋር እኮ ነው የምሠራው!» አለ። ሰውየው ስድብ መሰለውና ሳቀ። ልብስ ሰፊውም ከወዲያ ማዶ ሳቀ። ታላቅ ብቻ አልሳቀም። መበየጃውን ነቀለ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ሄደ። ከማግስቱ ጀምሮ በአንድ ሱቅ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሠላሳ ስድስት ቀን ሠሩ፤ ታላቅ ቀለም የሌለበትን ሥራ እየመረጠ፣ ታናሽ ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ እያለ። በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ጠዋት ታላቅ ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ፤ አልተነሳም።

«ምንድን ነው ያገኘኸው?» አለች የወንድሙ ሚስት።

«አልተቃጠሉም። ተገላብጠው ነው የተቀጠሉት።»

«ይሠራሉ?»

«ይሠራሉ።»

ከኋላ ዞሮ አዳፕተሩን ነቀለና ከቀሩት ከሁለቱ የማይዞሩ ፋኖች የሚመጣውን ሽቦ ፈልጎ ከጥምዝዙ ፈታቸው፣ አገላበጣቸው፣ መልሶ አሰራቸው። ሰካ። አምስት ፋኖች ዞሩ። እሷ ካርቶኗን ጣለችና ሁለት እጆቿን አራገፈች። ቴርሞሜትሩ ከላይ መውረድ ጀመረ። የቀረው ታች ያለው አንዱ ነው፣ ተፈትቶ በታናሽ እጅ ያለው። በአንድ ፋን ብቻ ሠላሳ አምስትን አያልፍም የታችኛው መደርደሪያ፣ ስልሳ እንቁላል ያለበት።

እሷ ብርድ ልብሱን ገልጣ አንድ እንቁላል አወጣች። የስልኳን መብራት ከሥሩ አድርጋ በመዳፏ ከለለችው። እንቁላሉ ውስጡ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ከላይ ባዶው በኩል አንድ ቀጭን ነገር ነቅነቅ አለ።

«አለ!» አለች። «ቀዝቅዟል፣ ግን አለ። ቶሎ በልልኝ።»

«መበየጃውን ስኪልኝ፣ እስኪግል ነው።»

ሰካችለት። መበየጃ እስኪግል ሦስት አራት ደቂቃ ይወስዳል። ታናሽ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የድሮውን ቅጥያ በፒንሳ ቆርጦ አስወገደና ከፋኑ የሚወጡትን ሁለት አጫጭር ሽቦዎች ጫፍ ላጠ። እሷ በርጩማዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ይኼ ቋጠሮ ግን ምንድን ነው?» አለች ነጩን ሽቦ በጣቷ ነካ እያደረገች። «እሱን ጠይቄው፣ ልማድ ነው ብሎ ዘጋኝ።»

ታናሽ የተላጡትን ጫፎች በጣቱ ጠመዘዘ።

«ይኼን ሲሠራ እኮ ታሞ መስሎኝ ነበር። ፋኖቹን ሁሉ እዚህ ወለል ላይ ደርድሮ፣ እነዚያን ትናንሽ ሽቦዎች በእጁ ይዞ፣ ግማሽ ቀን ዝም ብሎ ተቀመጠ። ወደ መስኮቱ ያስጠጋቸዋል፣ ያያቸዋል፣ ይመልሳቸዋል። አንተ ሰውዬ ለምን አትቀጥለውም ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ታናሽ ሲመጣ አለኝ።»

«መቼ?»

«ይኼን ሲሠራ ነዋ፣ ከመሞቱ በፊት ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። በነጋታውም እንደዚያው ተቀመጠ። እንግዲያው ደውልለት፣ ስልክ የለህም እንዴ አልኩት። አይ፣ እሱ ራሱ ይመጣል፣ ጉንፋን ይዞት ነው የተናገረው፣ ተይው አለኝ። ምን እንደተናገርክ አልነገረኝም። ኮቴ በሰማ ቁጥር በሩን ያያል። በሦስተኛው ቀን በራሱ ጨረሰው።» ወደ ታናሽ ዞረችና «ከአንተ የፈለገው ነገር ምን ነበር?» አለችው።

ታናሽ መበየጃውን በብየዳ እርሳሱ ነካ አድርጎ ሞከረ። ገና ነው።

«ጋሼ ቀይና ጥቁር አይለይም ነበር» አለ።

«ምን?»

«ከልጅነቱ ጀምሮ። ቀዩን እኔ ነበርኩ የማሳየው። እኔ ሳሳየው ይቋጥረዋል።»

የወንድሙ ሚስት አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ፣ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ፣ ሳቅ አመለጣት።

«ሃያ ሁለት ዓመት! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ቀይ ቀሚሴን ‹ያቺ ጥቁሯ ታምርብሻለች› ሲለኝ ሲያላግጥብኝ ይመስለኝ ነበር። ስንት ቀን ተኳርፈንባታል መሰለህ! ለቀብሩ ጥቁር ጠፍቶኝ ስበረብር እሷን አግኝቼ፣ ይቺ ደግሞ ቀይ ናት ብዬ መልሼ ወረወርኳት።» ሳቋ እንደጀመረ ሁሉ በድንገት ቆመ። «ለእሱስ ጥቁር ነበረች አይደል? እሷኑ ብለብስለት ምን ነበር?»

በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ታናሽ «አይዞሽ እታለም» ሊላት አስቦ ነበር፤ ሳይላት አፍንጫው መፍሰስ ጀመረ። ጉንፋን መሰለው። ጎንበስ አለና ሥራውን ያዘ።

አዳፕተሩን ለአፍታ ነቀለና የተላጡትን ሁለቱን አጫጭር ሽቦዎች በግራ እጁ ያዘ፤ ቋጠሮ ያለበትን ነጭ ሽቦ በቀኙ። ነጩ አሁን ከፖዘቲቩ ጋር ታስሯል፤ ቀዩን ከእሱ ጋር ካገናኘው የጋሼ ቋጠሮ ልክ ይሆናል። ቀላል ነገር ነው። መበየጃው ግሏል፣ ሰም ሰም የሚሸት ጭስ ይወጣበታል። ሁለቱን ሽቦዎች አየ።

አልለያቸውም።

ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ሁለቱም አንድ ጥላ ናቸው፣ የተንሳፈፈ፣ ጠርዝ የሌለው። ወደ መስኮቱ አስጠጋቸው፤ ብርሃኑም ፈሰሰበት። በክንዱ ዓይኑን ጠረገ፤ ወዲያው ተመልሶ ሞላ። ሁለት ወር ሙሉ የት እንደነበረ የማይታወቅ ውኃ በአገጩ ወርዶ የሸሚዙን ኮሌታ አራሰው። ድምፅ አላሰማም። ሽቦዎቹን እንደያዘ ነው። ከብርድ ልብሱ ሥር ያሉት እንቁላሎች ይቀዘቅዛሉ፣ እሱን ያውቃል፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

የወንድሙ ሚስት አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ታናሽ አንገቱን ሳያዞር፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ፣ «እታለም» አላት፤ «ቀዩ የቱ ነው?»

ጣቷን አንደኛው ሽቦ ላይ አሳረፈች።

«ይኼ ነው።»

ቋጠሮ ካለበት ሽቦ ጋር ጠመዘዘው፣ እርሳሱን አስነካው፣ እስኪደርቅ እፍ አለበት። ሌላውንም ቀጠለ። ናስትሮውን ሁለት ዙር ጠቀለለ። እሷ ፋኑን በቦታው ያዘችለት፤ እሱ አራቱን ብሎኖች እየዳሰሰ አሰራቸው። ከዚያ ከኋላ ዞሮ ሰካው፣ እሷም ትሪውን መለሰች። ስድስቱም ዞሩ።